ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተቆለፈ ነፃነት

ማዳም ሚሬይ ስለ ሴቶች ነፃነት መናገር ከጀመረች ራቷ ሳህኑ ላይ ይቀዘቅዛል። ወስዳ የምታሞቅላት የቤት ሠራተኛዋ ሪሀና ናት። የቤይሩት ሕዝብ አደባባይ በወጣበት በ2019 መጨረሻማ ነፃነቱ በዝቶ፣ አንዱ ራት በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይሞቅ ጀመር።

ሲን ኤል ፊል ሰፈር ያለው ሳሎን በማዳም ጓደኞች ይሞላል። ሁሉም ይጮኻሉ፣ ሁሉም ያጨሳሉ፤ ሪሀና መተርኮሻ ትደፋለች። ለእሁዱ ሰልፍ የመፈክሩን ጨርቅ የሰፋችውም እሷ ናት። ማዳም ነጭ አንሶላና ቀይ ጨርቅ ታቅፋ መጥታ «ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ እጅሽ እኮ ወርቅ ነው» አለቻት። ሪሀና ደሴ እያለች ቁርአን ቤት የዐረብኛ ፊደል ስለተማረች ምን እየሰፋች እንደሆነ አልጠፋትም፤ «ሴት የማንም ንብረት አይደለችም» ይላል። «የማንም» የሚለው ላይ ስትደርስ መርፌው ጣቷን ጠቅ አደረጋት። መርፌም ያሾፋል ለካ!

የሷ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከበረንዳው ቁልቁል ጣሪያው የሚታየው ናባዓ ሰፈር ውስጥ፣ እትዬ ሽታዬ የምትባል የጎንደር ሴት በኪራይ ክፍሏ የስፌት መኪና ተክላ ልብስ ስፌት ታስተምራለች። ሪሀና ደግሞ ተምራ ደሴ ላይ በራሷ ስም ሱቅ መክፈት ትፈልጋለች። በባሏ ስም አይደለም፤ በወንድሟም ስም አይደለም። እትዬ ሽታዬ ግን በስልክ ቁርጡን ነገረቻት።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናውን ላንቺ ብዬ ስንት እሁድ ጾሙን አዋልኩት! የፊታችን እሁድ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ ነው የምሰጠው። ኸላስ!»

ቅዳሜ ማታ ሪሀና ደፈር ብላ ጠየቀች።

«ማዳሜ፣ ነገ እሁድ ልውጣ።»

«ሐራም! ከተማው እንዲህ ሆኖ? ያኒ፣ ላንቺ ደህንነት እኮ ነው።»

«አንቺስ ትወጪ የለ?»

«እኔ የምወጣው ለሴቶች ነው!»

ሪሀና ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች። ሴት መሰለቻት።

እሁድ ረፋዱ ላይ ማዳም ባለተረከዝ ጫማዋን አድርጋ፣ ሽቶዋን ነስንሳ «ጨርቁን ከነዘንጉ ይዘሽልኝ ውረጂ፤ ታች እጠብቅሻለሁ» ብላ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ። እጇ ለምዶባታል፤ በወጣች ቁጥር ሪሀናን ትቆልፍባታለች። ዛሬም ነፃነትን የምትሸከመውን ልጅ ከነነፃነቱ ቆልፋባት ወረደች።

ሪሀና እጀታውን ነካክታ ሳቋ መጣ። በረንዳው ላይ ወጥታ ስታይ ማዳም ከጓደኞቿ ጋር መንገዱ ዳር ቆማለች። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ አሳንሰሩም ቆሟል።

«ሪሀና! ያላ! ምን ሆነሽ ነው?»

«በሩ ተቆልፏል፣ ማዳም!»

ማዳም ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሰባተኛ ፎቅ ላለ ሰው ድምፅ ዝቅ አይደረግም።

«ምን አልሽ? አልሰማም!» አለች ሪሀና፣ ሰምታ። «ቆልፈሽብኛል እኮ! ቁልፉ ቦርሳሽ ውስጥ ነው!»

የሰፈሩ በረንዳ ሁሉ ብቅ ብቅ አለ። አንዲት ሽበታም ጓደኛዋ ወደ ማዳም ዞረች።

«ሚሬይ፣ ልጅቷን ትቆልፊባታለሽ?»

«ለደህንነቷ ነው፣ ማ ሼር! ያኒ...» ማዳም ፊቷ እንደ መፈክሩ ፊደል ቀላ። «ሪሀና! በቅርጫቱ አውርጂው!»

አትክልት ከሱቅ የሚሳብበት ባለገመድ ቅርጫት እዚያው በረንዳው ላይ ነበር።

«ዘንጉ አይገባም! ብወረውረው የመብራት ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል!» አለችና ቅርጫቱን ባዶውን ለቀቀችው። «ቁልፉን ክተቺበት!»

ማዳም ቅርጫቱን አየች፤ ደረጃውን አሰበች፤ ተረከዟን አየች። ጓደኞቿ ያዩዋታል። ቁልፉን እንደ ጥርስ ነቅላ አስገባችው።

ሪሀና ቅርጫቱን ስባ ቁልፉን አወጣች፤ የቤት ሥራ ልብሷን ቀይራ፣ ሂጃቧን አስተካክላ፣ መፈክሩን ተሸክማ ወረደች። ሴቶቹ አጨበጨቡላት። ማዳም ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች።

«እሷም ከኛ ጋር ናት! በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ» አለቻት።

«መርሲ፣ ማዳም።» ሪሀና ዘንጉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ዛሬ ኮንዤ ነኝ፤ እሁድ የሁሉም ሴት ዕረፍት ነው። አይደለም እንዴ?»

ሽበታሟ ሳቀች። «ትክክል ብላለች!»

ማዳም ጥርሷን እያሳየች ወደ ሪሀና ጆሮ ተጠጋች። «ቁልፉስ?»

«ቀድሜሽ ገብቼ እከፍትልሻለሁ።»

መፈክሩ ወደ አደባባይ ሄደ፣ ሪሀና ወደ ናባዓ። መንገድ ላይ አንድ ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረሰችበት።

«የማን ቤት ነው?» አላት በጥርጣሬ።

«የምሠራበት። ማዳሜ ነፃነት ትወዳለች።»

አስመስሎ የቀረጸላት አዲስ ቁልፍ ገና ትኩስ ነበር፤ ካልሲዋ ውስጥ ጨመረችው።

እትዬ ሽታዬ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት። «ይሄ ነው እሁድ? ሌላ ሰው ልጠራ ስልኬን ይዤ ነበር!»

«አይቆጡ እትዬ፣ በሩ አስቸግሮኝ ነው።»

«የሚቀጥለው እሁድስ?»

«እመጣለሁ።»

«ማዳምሽ ፈቀደች?»

«እሷ ገና አላወቀችም።»

እትዬ ሽታዬ አፏን ይዛ ሳቀችና ወንበሩን ሳበችላት። «በይ ተቀመጪ። እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ። ቀስ!»