ቅቤ የጠጣው ኦፓል

ሶዶ ገበያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅቤ ሸጫለሁ። ሙዝ የተቀላቀለበትን በአፍንጫዬ ለይቼ ባለቤቱን በሰው ፊት የማዋርድ ሴት ነኝ። አገርነሽ አፏ ክፉ ነው ይላሉ፤ ይበሉ። የዚያን ማክሰኞ ግን ያ አፍ የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ዳልጮ ወሎ ሄዶ፣ ደላንታ ገደል ላይ ሦስት ዓመት ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ኖሮ መጣ። ይዞ የመጣው አንድ ያልተቆረጠ ድንጋይ ነው፤ የዶሮ እንቁላል ያክላል። ላዩን ሲያዩት ጭቃ የነካው ተራ ጠጠር፣ በተሰበረው ጎኑ ግን ቀይና አረንጓዴ እሳት ይነድበታል። "ይቺ ከተሸጠች ከእንግዲህ ጉድጓድ አልገባም። ተበላ ገበያ ወርጄ በሬ ገዝቼ አርሳለሁ" አለኝ። ባለፈው ክረምት አብሮት የሚቆፍር ሻንቆ የሚባል የአገራችን ልጅ አፈር ተንዶበት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ዳልጮ በር የተዘጋበት ቤት መቀመጥ አይችልም። ሳየው ሆዴ ይባባል፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "እህቴ፣ ቶሎ እንዳይደርቅ አደራ። ከደረቀ ይሰነጠቃል" አለና በሬ ሊያይ ተበላ ወረደ።

በማግስቱ ጨርቁን ብነካው ደርቋል። ደነገጥኩ። ውሃማ ስንት ሰዓት ያቆያል? እኛ ጋ እንዳይደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅ ለሚፈለግ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው። የአራስ ራስ በቅቤ፣ የደረቀ ቆዳ በቅቤ፣ አዲስ ሸክላ በቅቤ። ካለኝ ሁሉ የጠራውን አወጣሁ፤ ለብ አድርጌ ድንጋዩን ነከርኩበትና በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩት። ደግሞ መረቅኩት፣ ሞኟ።

በሦስተኛው ቀን ዳልጮ ከተበላ ደውሎ፣ "ይዘሽው ሐጂ ኸይሩ ሱቅ ጠብቂኝ" አለኝ። ጠራርጌ በጨርቁ መልሼ ቋጠርኩት። ቢጫ ቢጫ አለኝ፤ የቅቤው ወዝ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐጂ ኸይሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ድንጋይም እየገዙ አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች ያስረክባሉ። ሁለት ደላሎች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ዳልጮም ከተበላ ደርሶ መጣ። ሐጂ ድንጋዩን በር ላይ ወስደው በፀሐይ አገላበጡት።

"ይሄ ቅባት ጠጥቷል" አሉ በመጨረሻ። "ዱሮ የሸዋው ኦፓል እየተሰነጠቀ ፈረንጁ ፊቱን አዙሮብን ነበር። ስማችንን የመለሰልን የወሎው ነው። አሁን ደግሞ ስንጥቅ ለመሸፈን ዘይት የሚያጠጡ መጡ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ውሃ ቢሆን ሲደርቅ እሳቱ ይመለስ ነበር፤ ቅባት ግን ገደለው። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ዳልጮ ድንጋዩን ተቀብሎ አሸተተው። አንድ ጊዜ አየኝ።

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ" አለ።

እኔ ነኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የሁለቱም ደላሎች ሚስቶች ደንበኞቼ ናቸው። ድንጋይ የምታጭበረብር ቅቤዋንስ ምን ታደርገው ይሆን ቢሉኝ ነገ ማን ይገዛኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱ ይሄው ነው፤ ወንድሜ ሲዋረድ ስለ ቅቤዬ አሰብኩ።

"ሁለተኛ ድንጋይ ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት ሐጂ።

መንገድ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። "አውቀሽ ያደረግሽው አይደለም፤ ተይው በቃ" አለኝ ዳልጮ። እራት አቀረብኩለት፣ አልበላም።

ጠዋት ስነሳ ዳልጮ የለም፤ ገበያ የወጣ መሰለኝ። በቀጥታ ሐጂ ኸይሩ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰውየው ቆባቸውን አወለቁ። "ደላሎቹ ለአገሩ ሁሉ ደውለው ነግረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አሉ። "ቢሆንም ልጁን አምጪው። ስሙን እኔው ራሴ አጠራለታለሁ፣ እዚሁ ሱቅም ሥራ እሰጠዋለሁ።"

መናኸሪያ ሮጥኩ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ቲኬት ቆራጩ ዳልጮን ያውቀዋል፤ "ወሎ ተመለስኩ ብሎኛል" አለኝ።

ይኸው ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ እደውልለታለሁ። የስልኩ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ የለም።