ጥርስ ነው ወይስ ድድ?

"አንድም ሰው አልደወለም! አንድም!"

ይሄን ያለው የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ በስልክ፣ በጠዋት። ቀጮ ደግሞ በዚያች ሰዓት ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ብሩሹን እንደነከሰች ድርቅ አለች። አፏ አረፋ ሞልቷል፤ እንዳትመልስ አያናግራት፣ እንዳትተፋው ሰውዬው ይሰማል። ጥርስ እየቦረሹ በጥርስ ሐኪም መቆጣት! እስቲ አሁን ይሄ ምን የሚሉት ዕጣ ነው?

"አለሽ ወይ?"

"እምም።"

"ዌብሳይቱ የወጣው ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ። ሰኞ ማንም፣ ማክሰኞ ማንም፣ ትናንትም ማንም። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን ስታይ ስታይ እንቅልፍ ወሰዳት። አራት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ነይና እንነጋገር።"

ጠረቀመው። ቀጮ አረፋውን ዋጠችው። ካልዋጠችው ምን ታድርገው!

ቀጮ ስሟ አይደለም፤ ግን ከእናቷ ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላት። ከመጥረጊያ እንጨት አጠገብ ብትቆም የትኛዋ እሷ እንደሆነች ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል። ትምህርቷን ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ ነው። የተማረችው ዌብሳይት መሥራት ነው፤ ሰው ስልኩን ከፍቶ የሱቁን፣ የክሊኒኩን፣ የምኑን ገጽ ሲያይ፣ ያንን ገጽ ነድፎ የሚያሳምረው ሰው መሆን። የጥርስ ሐኪሙ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ነው። እስካሁን ድረስ የመጨረሻዋም እሱ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ለቀጮ ያ ሐኪም አንድ ልጇ ሆኖ ነው የከረመው። በዚያ ላይ አንድ የዓይን ሐኪም ጓደኛ አለው፤ "ያንተው ዌብሳይት ሰው ካመጣልህ የኔንም ትሥራልኝ" ብሎ ዳር ቆሞ እያየ ነው። ይሄ ከተበላሸ ያም የለም።

ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ቆማ ሻይዋን ትጠጣለች። እናትየው ተኳሽ ናት፤ ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፣ ሸሚዝ ነው የምትተኩሰው፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ።

"ማነው በጠዋት?"

"ሥራ ነው እማዬ።"

"ፊትሽ ግን ሥራ ያገኘ ሰው ፊት አይደለም። ስሚ፣ አጎትሽ 'እስከ ዛሬ ከሰዓት ቁርጡን ንገሩኝ' ብሏል። ሥራው መዝገብ ቤት ነው። ወንበር አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ወር ሲደርስ ደሞዝ አለው። ያንቺው ሥራ የታለ? እስቲ አሳዪኝ።"

"ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው።"

"ኢንተርኔት ላይ! እኔ የምተኩሰው ኮሌታ ሲጣመም አየዋለሁ። ያንቺው ሲጣመም በምን ይታያል?"

"ይታያል።"

"እኮ በምን?"

ቀጮ ዳቦውን አነሳች፣ ሳትገምጠው መልሳ አስቀመጠችው፣ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች።

ገጹ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ወጣ። የሚስቁ ሰዎች ፎቶ፣ ነጭ በነጭ ጥርስ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ፤ "ለቀጠሮ ይደውሉ" ይላል፣ ቁጥሩም አብሮ ተጽፏል። ሐኪሙ የሰጣትን ካርድ አጠገቡ አድርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳከረች። ልክ ነው። ደግማ አመሳከረች። ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ከሆነማ ጥፋቱ ሥራው ራሱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሰው አይቶት ንቆት ሄዷል ማለት ነው። እናቷ ልክ ናት ማለት ነው።

ቁልፉን ተጫነችው። ላፕቶፑ ዝም።

ዝም ቢል ምን ይገርማል፣ ላፕቶፕ ስልክ አይደውል! ግን ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። ሥራውን ጨርሳ ካስረከበች ወዲህ ገጹን ያየችው በዚሁ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ደግሞ ላፕቶፕ ፍለጋ አይሄድም፤ በአንድ እጁ ጉንጩን ይዞ በሌላው ስልኩን ነው የሚነካካው። የራሷን ስልክ አወጣች፣ ገጹን ከፈተች፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ጫን አደረገችው።

ስልኩ ላይ "አክስቴ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

አንዴ እንኳን ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ሀሎ፣ ደህና አደሩ! ጥርስ ነው ወይስ ድድ?"

ቀጮ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

"ሀሎ? አያፍሩ፣ ሁሉም ሰው ያመዋል" አለች አክስትየው ድምፅዋን አለስልሳ። "ከላይ ነው ከታች?"

"አክስትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ውይ ቀጮዬ! መነጽሬን አላደረግኩም። ምነው አንቺንም አመመሽ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀጮ ቁልፉ ሲነካ በእርግጥ ይደውል እንደሆነ ለመሞከር አንድ ስልክ ፈልጋ ነበር። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሁልጊዜ ቤት ያለ፣ ቶሎ የሚያነሳ ማን አለ? አክስቷ። የአክስቷን ቁጥር ከቁልፉ ውስጥ ከተተች፣ ሞከረች፣ ደወለ፣ ደስ አላት። ሲያልቅ ቁጥሩን በክሊኒኩ ቀየረች። የቀየረችው ግን ከላይ የሚነበበውን ነው። ከውስጥ የሚደውለውን ረስታዋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ ይቺስ ማፍሰሷንም ያወቀችው በአራተኛው ቀን ነው።

አክስትየው ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ሠላሳ ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረች፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ በመሃል ጆሮዋን ጣል ሳታደርግ ውላ የማታውቅ። የማን ባል የማንን ጸሐፊ እንደወደደ ከዳይሬክተሩ በፊት የምትሰማው እሷ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ያ ሁሉ ወሬ ባንድ ቀን ጭጭ አለ።

ቤቷ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ቀጮ ላፕቶፑን አቅፋ በሩጫ ደረሰች፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቀው። አክስቷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሊፒስቲኳን ተቀብታ፣ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላለች። ስልኩ በቀኝ፣ ደብተር በግራ፣ ሁለት እስክሪብቶ በመሃል።

"ምነው ትነግሪኝ አልነበር?" አለች ቀጮ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"ምኑን ልንገርሽ? 'ስልክሽን ለሥራዬ ልጠቀምበት' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ሥራ አስገባችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሰኞ ሲደወል ደንበኛው 'ጥርስ ክሊኒክ ነው?' አለኝ። 'አዎ ጌታዬ' አልኩት። ደብተሩን ዛሬ ትወስጂዋለሽ፣ ነገ ትወስጂዋለሽ ብዬ ስጠብቅ ቀረሽ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይረበሽም።"

"ስንት ሰው ደወለ?"

"ሃያ ሦስት።"

ቀጮ አፏን በእጇ ያዘች።

"ሁሉንም ጽፌያለሁ" አለች አክስትየው በኩራት ደብተሩን እያገላበጠች። "ይቺ በሚቀጥለው ወር የምታገባ ናት፣ የፊት ጥርሷ ተሸርፏል። በምን እንደተሸረፈ ብነግርሽ አታምኚኝም። ይሄኛው መርፌ ይፈራል፣ ፖሊስ ሆኖ! ይቺን ደግሞ ባሏ ማታ ማታ ጥርሱን ሲያፋጭ አላስተኛ ብሏት ነው፤ ይሄ ማፋጨት ከጥርስ አይደለም፣ ከሌላ ነገር ነው ብያታለሁ..."

"አክስትዬ! ሰዎቹን ምን አልሻቸው?"

"ምን እላለሁ? 'ሐኪሙ ራሱ ይደውልልዎታል፣ በትዕግሥት ይጠብቁ።' ሁሉም እየጠበቁ ነው። አሥራ አራተኛው ብቻ ነው ትንሽ ያሳሰበኝ።"

"አሥራ አራተኛው ምን ሆነ?"

"ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ማክሰኞ ሲደውል ጉንጬ አበጠ አለ። ትናንት ሲደውል እብጠቱ ዓይኔ ሥር ደረሰ አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውሎ ነበር፤ ግን ቃሉ አልያዝልኝ አለ። አፉ አልከፈት ያለው ይመስለኛል።"

"እና ምን አልሽው?"

"'በትዕግሥት ይጠብቁ' ነዋ" አለች አክስትየው፤ ይሄን ስትል ግን ድምፅዋ ቀነሰ።

ቀጮ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከቁልፉ ውስጥ ያለውን ቁጥር አጠፋች፣ የክሊኒኩን ጻፈች። አንድ መስመር! ሦስት ቀን ሙሉ ሃያ ሦስት ሰው ያስቀመጠ አንድ መስመር፣ ለማስተካከል ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባትም። በስልኳ ሞከረች። "ጥርስ ክሊኒክ፣ ምን ልርዳዎት?" አለች እንግዳ ተቀባይዋ። ቀጮ ዘጋችው።

"ታዲያ አሁን ወደኔ አይደወልም?" አለች አክስቷ።

"አይደወልም።"

"እንግዲያው ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጣሁ በያ።" ሳቅ አለች፤ ሊፒስቲኩ ሳቀ እንጂ ዓይኗስ አልሳቀም። "በይ ደብተሩን ያዢ። ሐኪሙ ተቆጥቶሽ ነው እንዴ?"

"ገና አያውቅም።"

"አያውቅም?" አክስትየው ጎንበስ ብላ አየቻት። "እንግዲህ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል? እኔ እንደሆንኩ አፌ መቃብር ነው።" የሷ አፍ መቃብር ቢሆን ኖሮ ሙታን ሁሉ ተነስተው ያወሩ ነበር፤ ግን ልጅቷን ወዳ ነው።

ከደረጃው ስትወርድ ለአናጢው ደወለችለት። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። አውቶብስ ውስጥ ሆና ደግማ ሞከረች፤ አልተነሳም። ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ዘዴ ታወጣ ጀመር። ስሞቹን በንጹሕ ወረቀት ልገልብጣቸው፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ ልስጣት፣ "በዌብሳይቱ መልእክት የላኩ ናቸው" ልበል፤ ውሸትም አይደል፣ ግማሹ እውነት ነው። ሁለት ፌርማታ ሙሉ በዚህ ሐሳብ ትንሽ ተነፈሰች። ቀጥሎ ግን "መቼ ነው የላኩት?" ቢለኝስ? "ለምን እስካሁን ያዝሽው?" ቢለኝስ? የአጎቷ ወንበርና ጠረጴዛ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ከነአቧራው።

ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ይዛ እየጻፈች ነው፤ በዓይኗ ብቻ "ግቢ" አለቻት። የሐኪሙ ክፍል ተከፍቷል። ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ቆሟል፤ ከጎኑ አንድ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። ከመነጽሩ የዓይን ሐኪሙ እሱ እንደሆነ ገባት።

"ነይ፣ ነይ ልጄ!" አለ የጥርስ ሐኪሙ። የጠዋቱ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ፣ ፊቱ በርቷል። "ጠዋት አናደድኩሽ መሰለኝ። ይኸውልሽ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ አራት ሰው ደወለ! አራት!"

"አራት?" አለች ቀጮ።

"ለዚህ ጓደኛዬ እየነገርኩት ነበር። የወንድሜ ልጅ፣ ኢንተርኔት መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይላል፣ እየቆየ ነው የሚሞቀው አለኝ። እንዲያ ነው አይደል?"

የዓይን ሐኪሙ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። "እንዲያ ከሆነማ የኔንም ቶሎ ብትጀምሪልኝ ነው የሚሻለው። ቀስ ብሎ እስኪሞቅ" አለና ሳቀ።

ሁለቱም ይጠብቃሉ። "አዎ" ማለት እንኳን አያስፈልጋትም፤ ጭንቅላቷን አንዴ ወደ ታች ብትነቀንቅ አለቀ። ሰው ራሱ ውሸቱን ጋግሮ፣ ቆርሶ፣ እጇ ላይ አስቀመጠላት። አንገቷ ሊታዘዛት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

በክፍሉ መሃል ያ ረጅሙ የሕክምና ወንበር ተዘርግቷል። መብራቱ በርቷል፣ ዕቃዎቹ በሰሃን ተደርድረዋል፣ የተቀመጠበት ሰው ግን የለም። ቀጮ ወንበሩን አየችው። አፉ አልከፈት ያለው አንድ ሽማግሌ የሆነ ቤት ውስጥ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ ሐኪሙ ራሱ ይደውልልኛል ብሎ በትዕግሥት እየጠበቀ ነው።

"እየቆየ የሚሞቅ ነገር የለም ዶክተር" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሰዎቹ ከሰኞ ጀምሮ ሲደውሉ ነበር። ቁልፉ ወደ አክስቴ ቤት ነበር የሚደውለው። የሙከራ ቁጥር ነው፣ መቀየር ረስቼ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ናቸው። የኔ ጥፋት ነው።"

የዓይን ሐኪሙ ሳቁን ዋጠው። የጥርስ ሐኪሙ ፊት እንደ ጋውኑ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ አፉም ሊናገር ተከፈተ።

"ቁጣውን ቆይተው ይቆጡኛል" አለች ቀጮ። ደብተሩን ገልጣ ጣቷን አሥራ አራተኛው ላይ አሳረፈች። "ይሄ ሰውዬ እብጠቱ ዓይኑ ሥር ደርሷል። ዛሬ አፉ አልከፈት ብሎታል። እኔ ስደውልለት አላነሳም፤ አድራሻውን ግን አክስቴ ጽፋዋለች።"

ሐኪሙ ጣቷ ያረፈበትን አነበበ። አንዴ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ።

ቀጮ እሱ እስኪናገር አልጠበቀችም። በስልኳ ቁጥሩን መታች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች፣ ስልኩንም ዘረጋችለት። ጠራ። ሁለተኛም ጠራ። ሐኪሙ እጁን ሰዶ ስልኩን ተቀበላት።