እምቢ ያለው ዳዶ

ደረሰ የሚነዳው የጭነት መኪና ከወረታ ወጥቶ ርብ ድልድይ ሳይደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ጋቢናው ውስጥ የነጋዴው የአህመዲን ሚስት ዘሊካ ከትናንት ጀምሮ በያዛት ምጥ ታቃስታለች፤ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት እየወሰዷት ነው። ሐምሌ ስለሆነ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበት ጀምሯል፤ በጉና በኩልም ሰማዩ ጠቁሯል።

ደረሰ መኪናውን በክሪክ ከማንሳቱ በፊት ጎማውን የያዙትን ዳዶዎች ሊያላላ ቁልፉን አስገብቶ ታገለ። ዝገው ከቡሎኖቹ ጋር አንድ አካል ሆነዋል።

አህመዲን አጠገቡ ቆሞ፣ «ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰካና ሁለት ሆነን እንጫነው!» አለ።

«ቡሎኖቹ ቢቆረጡብንስ? ጎማውን ምን ይይዘዋል?»

«እንግዲያው እሳት አንድድበት! ብረት ሲግል ይለቃል ይላሉ።»

«መልቀቁንስ ይለቃል። ግን ጋሽ አህመዲን፣ መኪናው ላይ የናፍጣ በርሜል አለ፤ ባለቤትዎም ጋቢና ውስጥ ናቸው።»

ደረሰ ናፍጣ ቀድቶ ዳዶዎቹ ላይ አፈሰሰና ዙሪያቸውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር።

«ዝገቱ ናፍጣውን ትንሽ ይጠጣ፤ ይታገሡኝ።»

«ትዕግሥት ከየት ላምጣ!»

ዘሊካ ጮኸች። ደረሰ መዶሻውን ጥሎ ቁልፉን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው፤ ደግሞ አነሣው። ሊፈታ ሳይሆን መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ገፋ አደረገው። ዳዶው ሲጥ አለ። ወደ ኋላ ሲመልሰው ላላ። ሌሎቹም በየተራ ለቀቁ፤ የመጨረሻው ግን ጠርዙ ተላልጦ ቁልፉን አልይዝ አለ።

ናፍጣ አፍስሶ እንዳይጠብቅ የርብ ወንዝ እየሞላ ከወዲያ ያጓራል። መሮውን አወጣ። ቅድም የፈራውን አሁን በገዛ እጁ ሊያደርገው ነው። ደጋግሞ መታው፤ ዳዶው ከነቡሎኑ ጫፍ ተቆርጦ ጭቃው ውስጥ ገባ።

«በቀሩት ይሄዳል?» አለ አህመዲን።

«ቀስ ብለን ከሄድን።»

ጎማውን ቀይሮ ተነሣ። ድልድዩ ላይ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትንፋሹን እየያዘ ወደ ኋላ ጆሮውን ይጥል ነበር። እነሱ ከተሻገሩ በኋላ ውኃው ያለፉበትን መንገድ ዋጠው።

ጎንደር ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ ነርሷ ወጣች። «ሴት ልጅ ናት። እናትየዋም ደኅና ናት።»

አህመዲን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቆይቶ ቀና ሲል ደረሰ እንደቆመ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ተቀመጥ እንጂ!»

ደረሰ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ወረታ የቀሩት የዘሊካ እናት ምን ሰምተው ያድራሉ፣ ውኃ የዋጠው መንገድስ መቼ ይከፈታል እያለ የሐኪም ቤቱን ግቢ ይዞረው ጀመር።