ከዲሮ ኢተያ ላይ የወረደ ዕለት

ፍሰሐ ኃይለየሱስ መኪና መንዳት አይችልም። ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም። ባለ ጋራዥ ነኝ፤ ቦይ ውስጥ የከተተውን መኪና ሦስት ጊዜ በበሬ ያስጎተትኩት እኔ ገብረወልድ ነኝ። ቤቱ ብትሄዱ ግን ሳሎኑ ውስጥ የብር ዋንጫ ተቀምጧል፤ ከዋንጫው በላይ አስመራ ላይ የእሽቅድምድም ቆብ ደፍቶ የተነሳው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የገባ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ እያየ፣ ምን ያለ ሾፌር ነው ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የመኪና ማኅበር ሰዎች ከናዝሬት እስከ አሰላ ውድድር አዘጋጁ። ያሸነፈው ሾፌር የአንድ አስመጪ ድርጅት መኪና ተሰጥቶት፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ አስመራ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። ለመመዝገብ ግን የራስ መኪና ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍረዱ። በእኛ አገር የራሱ መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ከእነሱ መሃል መንዳት የሚችለውን ለመቁጠር ደግሞ ጣትም አያስፈልግም። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል የለ፤ የአሰላ ዳገትማ ምን አላት።

መንዳት የሚችለው ከዲሮ ነበር። ከዲሮ የኦጎልቾ ልጅ ነው፤ የሰው ትሬንታ ኳትሮ ይዞ ከዲክሲስና ከኢተያ ስንዴ ወደ ናዝሬት ያወርዳል። ያ በጣሊያን ጊዜ የመጣ አሮጌ የጭነት መኪና ሌላ ሰው ሲይዘው ማርሹ ጥርስ ያፋጫል። ከዲሮ ሲይዘው ግን ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረገጥ፣ ነዳጁን ነካ ያደርግና ማርሹ ሳይሰማ ይገባል። ሃያ ዓመት ሞተር ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በደጄ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ከጋራዤ ሳልወጣ በድምፁ እለየዋለሁ፤ ከዲሮን የምለየው ማርሹ ባለመሰማቱ ነበር።

ለፍሰሐ አባቱ ግራዝማች ኃይለየሱስ ነጭ ፊያት ገዝተውለት ነበር። ለውድድሩ ሊለማመድ ወጥቶ ዴራ ላይ ቦይ ገባ። መኪናውን ስጠግን መጣና፣ የአባቱ እኩያ የምሆነውን ሰው አንተ እያለ፣ «ያ የስንዴ ሾፌር ወዳጅህ ይንዳልኝ፤ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ» አለ። ከዲሮን አስጠራሁት። ሦስታችን ጋራዤ ደጃፍ ቆመን ተስማማን፤ ዋንጫው ለፍሰሐ፣ የአስመራው ቦታ ለከዲሮ። ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ወረቀት አልጻፍንም፤ እኛ ዘንድ በምስክር ፊት የተባለ ነገር ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ከዲሮ በደጄ ባለፈ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ስለ አስመራ ይጠይቀኝ ጀመር። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው ስለው፣ «ታዲያ ምኑን ይነዱታል?» ብሎ ሳቀ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ያየሁት እኔ አይደለሁም። የነገሩኝ ራሱ ከዲሮና በዕለቱ ኢተያ የነበሩ የእህል ነጋዴዎች ናቸው።

ስምንት መኪኖች በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት ከናዝሬት ተነሱ። የፍሰሐ መኪና አምስተኛ ነበረች። ከዲሮ አዋሽን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ቀድመውት የተነሱትን አንድ በአንድ እየለቀመ አለፋቸው፤ ኢተያ ሲደርስ ከፊቱ ማንም አልነበረም። ኢተያ መግቢያ ላይ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አስከሬን ገጠመው።

እኛ ዘንድ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቀብር ከገጠመው ይወርዳል። መኪና ከመጣ ወዲህ ሾፌሩም ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ቆቡን አውልቆ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ከዲሮ እስላም ነው፤ ሟቿ የክርስቲያን ባልቴት ነበረች። ማን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቅ ወረደ። አሰላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ አስመራ እጁ ልትገባ ስትል፣ ወረደ። ክርስቲያኑ ፍሰሐ ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። አስከሬኑ አልፎ፣ ከዲሮ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ከለቀስተኛው ኋላ ሲራመድ የሞተር ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ያየው አቧራ ብቻ ነው።

እኔ አሰላ መግቢያ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር ድንኳን ተተክሎ፣ ግራዝማች ከአዲስ አበባ እንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። መኪናው ገና ሳይታይ ድምፁ መጣ። ማርሹ ይንቋቋል፤ ሞተሩ ያለቅሳል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ከዲሮ እንዳልሆነ ያኔውኑ አወቅሁ። ፍሰሐ ብቻውን ብቅ አለ። ከዲሮ ያተረፈለት ደቂቃ ከመብዛቱ የተነሳ ሊሸነፍ እንኳ አልቻለም።

ሰዓት የያዘው ዳኛ ጠና ያለ፣ ቀና ሰው ነበር። «የተመዘገባችሁ ሁለት ናችሁ፤ ሌላው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ረዳቴ ልቅሶ አይቶ ኢተያ ላይ ወረደ። ከአዋሽ ድልድይ ጀምሮ የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ ፍሰሐ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ የመኪናው መካኒክ ነዎት። ዳገቱን የነዳው ማን ነው? የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

ግራዝማች ቀና ብለው አዩኝ። ጋራዤ የቆመው በእሳቸው መሬት ላይ ነው።

«እኔ እዚህ ነበርኩ ጌታዬ፤ አላየሁም» አልኩ።

ዋንጫው ተሰጥቶ ጠጅ ሲቀዳ ከዲሮ በስንዴ ጭነት ላይ ተቀምጦ ደረሰ። እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሷል። ወርዶ በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ሄደ። ዳኛው ካዳመጠው በኋላ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ሰውየውን ጠይቄያቸዋለሁ፤ አላየሁም ብለዋል» አለው።

ከዲሮ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በጮኸብኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የሞተ ሰው ጥዬ ማለፍ አቃተኝ፤ ወላሂ አቃተኝ» አለኝ። ጥፋተኛው እሱ ይመስል። ቀጥሎ ዓይኔን እያየ፣ «ማየቱን አላዩም። መኪናው ሲመጣ ግን ማርሹን ሰምተዋል፤ አይደለም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ቆቡን ደፋና ሄደ።

ፍሰሐ አስመራ ላይ አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ከግንብ ጋር ተላተመ። ምንም አልሆነም፤ ፎቶግራፉን ይዞ ተመለሰ፣ አባቱም ሌላ መኪና ገዙለት። በእሱም በአባቱም እናደዳለሁ፤ ማታ ማታ ለሚስቴ እነሱን ስራገም አመሻለሁ። እሷ፣ «ተወው እንግዲህ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። ውሸት ነው። የእኔ ዝምታ ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ከዲሮ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ስንዴ ጭኖ በደጄ ያልፋል። አንድ ቀን ጎማው ፊት ለፊቴ ተነፈሰ፤ ብቻውን ፈትቶ፣ ብቻውን ለጥፎ ሄደ እንጂ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከጋራዤ አለፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ማርሽ ይቀይራል። ምንም አይሰማም። እኔም በየቅዳሜው መፍቻዬን አስቀምጬ፣ እስኪርቅ ድረስ አዳምጠዋለሁ።