ከበር ጀርባ የቆመው ምንጣፍ

ከቀዶ ጥገና ወጥቼ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የደረሰኝ መልእክት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» የሚል ነበር። ወልዳ ለተነሳች ሴት የሚባለውን! የላከችው ሮዛ ናት፤ እዚሁ ሳውዲ፣ ኮባር ሰው ቤት የምትሠራ፣ አፏ ካረፈ የሚያማት ልጅ።

«የማርያም ማኅበርተኛ ነሽ፤ ሌላ ማን ሊምርሽ ነው?» ብላ በድምፅ ሳቀችብኝ። ሌሎቹም ተከተሏት። አንዷ አጥሚት ጠጪ ትላለች፣ አንዷ አብሽ፣ ሌላዋ ደግሞ አብሽ ለቁስል አይሆንም ብላ ትጣላታለች። «አራስ ቤት ገባሽ በቃ፣ ምን አለብሽ!» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ትርፍ አንጀት ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

ማኅበራችን ስልክ ላይ ነው። አገር ቤት ቢሆን በየቤቱ እየዞርን፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ደማም ያለነውም፣ ኮባር ያሉትም፣ ሰይሃት ያሉትም በየማዳማችን ቤት ተዘግቶብን ነው የምንኖረው። ስለዚህ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ማዳሞቹ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ፣ ቴሌግራም ላይ እንገናኛለን። ተረኛዋ ቪምቶ ቀድታ የብርጭቆዋን ፎቶ የግሩፑ ፎቶ ታደርገዋለች፤ ቀጣይዋ ስትቀበላት የራሷን ትተካለች። ጽዋችን እሱ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። ጽዋ የተቀበለች በዚያ ወር የታመመ ትጠይቃለች፣ የጠፋ ታፈላልጋለች።

ሆዴን የከፈቱት ለእጢ ነው። ስነቃ ፊሊፒናዊቷ ነርስ ትራሴን እያስተካከለች «ኢንቲ ማፊ በይቢ። ኸላስ» አለችኝ፤ ልጅ የለሽም፣ በቃ እንደማለት። ክፋት አልነበረባትም፤ ያላት ዓረብኛ ያችው ናት። ማዳም ኋላ መጥታ በደንብ አስረዳችኝ። ደሙ አልቆም ብሏቸው ማሕፀኔን አውጥተውታል፤ ባያወጡት እሞት ነበር። እሺ አልኳት። ጭራሽ አመሰግናለሁም አልኩ። አላለቀስኩም።

ከእምብርቴ በታች እስካሁን ደንዝዟል። ስነካው የሌላ ሰው ሆድ የነካሁ ይመስለኛል። ዶክተሩ ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል ብሎኛል። ስለ ቆዳዬ ነው ያወራው። ስለ ሌላው አልጠየቅኩትም።

ከክፍሌ በር ጀርባ ተጠቅልሎ የቆመ ቀይ ምንጣፍ አለ። አል ባዲያ ሰፈር ካለ ሱቅ የገዛሁት ነው። አገሬ ገብቼ ልጅ ከሰጠችኝ ለደብራችን ለማርያም ላነጥፍላት ተስያለሁ፤ ያውም ማኅበሩ ሁሉ እየሰማ። የማኅበራችን እናት፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ «ስለትሽን ትስማሽ» ብላ መርቃኛለች። አሁን አልጋዬ ላይ ስጋደም ፊት ለፊቴ እሱ ነው። አንዳንዴ «ምን ታፈጥብኛለህ?» እለዋለሁ።

የማዳም ልጅ ዓሊያ በሩን ትከፍትና እጇን ዘርግታ «ሺሊኒ!» ትለኛለች፤ አንሺኝ ማለቷ ነው። ዶክተሩ ማንሳት ከልክሎኛል። «ማፊ» እላታለሁ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ መሬት ላይ ተንከባልላ ስታለቅስ ዝም ብዬ አያታለሁ። ምንም አይሰማኝም። ድሮ ብታስነጥስ የምደነግጠው ሴትዮ፣ ምንም።

ሃያ አንድ ደረሰ። ተረኛ እኔ ነበርኩ። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ጸሎቱን አደረሰችና፣ «በሉ ጽዋው ወደ አምለሰት ነው» አለች። «እመቤቴ ምራልናለች። የዛሬ ዓመት ልጅሽን ታቅፈሽ፣ ስለትሽን አስገብተሽ ያሳየን።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

«ለሌላ ሰው ስጡት» አልኩ።

«ኧረ በስመአብ በዪ!» አለች ሮዛ። «ጽዋ ይመለሳል እንዴ? ለትርፍ አንጀት ነው ይሄ ሁሉ?»

«ትርፍ አንጀት አይደለም። ማሕፀኔ ነው። አውጥተውታል። እባካችሁ ልጅ ልጅ አትበሉብኝ።»

ሩዝ አልቋል ብዬ ለማዳም በምናገርበት ድምፅ ነው የተናገርኩት።

በአንዷ ስልክ የልብስ ማጠቢያ ሲዞር ይሰማኛል፤ በሌላዋ ሕፃን ያለቅሳል። ትተው ይወጣሉ ብዬ ነበር። አንዲት ሴት እንኳ አልወጣችም።

«እኔን አፈር ያስበላኝ!» አለች ሮዛ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ማርያም ማረችሽ ብዬ…» ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በዪ» አለቻት እትዬ ወለተጊዮርጊስ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አምለሰት፣ ልጄ» አለችኝ። «ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። ያንቺ አልሰመረም። ከእመቤቴ ጋር አትተሳሰቡም፣ ዕዳ የለብሽም። ምንጣፉን ለፈለግሽው አድርጊው።»

ልታሳርፈኝ ብላ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ምንጣፉን አየሁት። ስንት ጊዜ ነው ያነጠፍኩት በሐሳቤ! ደጀ ሰላሙን አልፌ፣ ልጄን አዝዬ፣ ጫማዬን አውልቄ። ዕዳ የለብሽም ማለት ያ ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

«ዕዳው ቢኖርብኝ ይሻለኝ ነበር» አልኩ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ እንቢ ያለኝ እንባ መጣ። ስንሰቀሰቅ ስፌቱ ሲወጋኝ ጊዜ ሆዴን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። አመመኝ፣ በጣም አመመኝ።

እትዬ ወለተጊዮርጊስ አይዞሽ አላለችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንግዲያው ጽዋውን ተቀበዪ» አለች። «ዕዳ ይኸውልሽ። ሰይሃት ያለችው አዲሷ ልጅ ስልኳ ከተዘጋ ሰንብቷል። የት እንደደረሰች የምታፈላልገው ባለ ጽዋዋ ናት።»

ብርጭቆ ለማምጣት ኩሽና ድረስ መሄድ አቃተኝ። አጠገቤ ያለው ከሆስፒታል ይዤው የመጣሁት ባለ ክዳን ፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ ውስጡ የተረፈ ውሃ አለ። እሱኑ ፎቶ አነሳሁ። ምንጣፉም ከኋላ ገባ። ገለል እንዳላደርገው ማንሳት አይፈቀድልኝ። እንዳለ የግሩፑ ፎቶ አደረግኩት።

«ይሄ ደግሞ ጽዋ ነው ጡጦ?» አለች ሮዛ አፍንጫዋን እየሳበች። ያለችው ነገር ለራሷ ሲሰማት «ውይ!» አለች።

ሳቄ መጣ። ሳቅም ስፌት ይወጋል ለካ!

«አንቺስ መቼም አይለቅሽም» አልኳት። ሆዴን ደግፌ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

«የሰይሃቷ ልጅ ስሟ ማን ነበር?»