ከስብሰባው በፊት ያለቀው ቃለ ጉባኤ

ጸሐፊው ለከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ሥራ አሳድሮ አያውቅም። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ የቅዳሜውን ቃለ ጉባኤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተይቦ ይጨርሰዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሰዎቹን ስለሚያውቃቸው ነው። ሰብሳቢው ምን ብለው እንደሚከፍቱ፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ፣ ጡረተኛው መሐንዲስ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚያንቀላፉ ያውቃል። መሐንዲሱን ሁልጊዜ «በጥሞና ተከታትለዋል» ብሎ ነው የሚመዘግባቸው። ስብሰባው ሲያበቃ ወረቀቱ ይዞራል፣ ማንም ሳያነብ ይፈርማል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ጸሐፊው እየጻፈ እንዲመስል ብቻ እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ ያንሸራትታል። የእስክሪብቶው ቀለም ካለቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ሦስት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰበሰበው የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ከስድስቱ አዋቂዎች እኩል ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ። ደንቡን የተየበው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ሲተይበው ግን እንደ ሌላው ወረቀት ሁሉ በጣቶቹ እንጂ በልቡ አላነበበውም። ነገሩ ከልቡ የገባው ከሦስቱ አንዷ ሆና የገዛ ልጁ ስትመረጥ ነው።

ልጅቱ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ጥያቄ ስለማይነጥፍባት ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ለምን» እያለ ይጠራታል።

ቅዳሜ ጠዋት ምሳውን ቦርሳው ውስጥ ከተተችለትና ፊት ለፊቱ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዛሬ የምናገረውን አንድም ሳታስቀር ትጽፈዋለህ አይደል?»

ከምሳው አጠገብ ያለው የትናንቱ ወረቀት «ወጣት ተወካዮች ስለተሰጣቸው ዕድል አመስግነው የቀረበውን ሐሳብ ደግፈዋል። ስብሰባው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠናቋል» ይላል።

«እንዴታ! ቃል በቃል ነዋ» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ልጁን ዋሽቷት አያውቅም ማለት ይከብዳል፤ የጥርስ ሐኪሙ አያሳምምም ያላትም እሱ ነው። እንዲህ አምናው ስታየው ግን ዋሽቷት አያውቅም። አፈረ።

የዕለቱ አጀንዳ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነበር። እስከ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው። ሰብሳቢው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው ስለማይመጣ ዘጠኝ ላይ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወረቀታቸውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ወጣቶቻችን የምትሉት ካለ…»

በትናንቱ ወረቀት መሠረት ይሄ ምስጋናው የሚቀርብበት ቦታ ነው። «ለምን» ተነሣች።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ ከትምህርት ቤት የምንለቀቀው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ታዲያ ከዘጠኝ በኋላ ማን እንዲመጣ ነው የሚጠበቀው?»

ልጅቱ ቀጠለች። ከሁለቱ ጓደኞቿ ጋር የተዘጋው በር ላይ ለሁለት ሳምንት ቆመው፣ መጥቶ በሩን ገፍቶ የሚመለሰውን ልጅ ሁሉ ቆጥረዋል።

«በቀን ሠላሳ ስምንት ልጅ። አንዱማ መመለሱ ሰልችቶት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው የቤት ሥራውን የሚሠራው። ዝናብ ሲመጣ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ክፍት ይሁን።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ምንም የለም። ተጫነው፤ ወረቀቱ ተቀደደ። የልጁ የመጀመሪያ ንግግር እዚያው ዓይኑ እያየ ንፋስ ሊወስደው ነው። ቀና ሲል «ለምን» ንግግሯን ሳታቋርጥ ከኪሷ አንድ እስክሪብቶ አወጣችና በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ አንከባለለችለት።

ቀለብ አደረገው። ጻፈ። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፣ ጣቱም ቶሎ ዛለ፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ ስምንቱን ልጆች ጻፈ፣ ደረጃውንም፣ ሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ደብተርም።

መሐንዲሱ በድንገት ዓይናቸውን ገለጡ። «እስቲ ያቺን የቁጥሯን ነገር ድገሚልኝ» አሉ። ጸሐፊው ይህንንም መዘገበ።

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። «ጎበዝ ናችሁ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ክፍት ይሁን ማለት ግን ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል።»

«አዋቂ ያቦካውንስ ሃያ ዓመት በልተነው መቼ ጠገብን?» አሉ የኮሚቴው አባል የሆኑት የጤና ጣቢያ ነርስ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሰብሳቢውም ጭምር ሳቁ።

ልጆቹ ያቀረቡት ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። የነርሷ እጅ ወጣ፣ የመሐንዲሱ ወጣ፣ የሦስቱም ልጆች ወጣ። አራቱ አዋቂዎች ተቃወሙ።

«ሁለት ለአራት። ሐሳቡ ወድቋል» አሉ ሰብሳቢው። «ጻፍ።»

«ለምን» አባቷን አየችው። ጸሐፊ ካልተጠየቀ በስብሰባ አይናገርም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉም ተናግሮ አያውቅም። ተነሣ።

«አምስት ለአራት ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ። አልፏል።»

«ልጆቹን ቆጥረህ?»

«እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው የቆጠራቸው። ከግርጌው የማን ፊርማ እንዳለ ይዩት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት። ከግርጌው ያለው ፊርማ የራሳቸው ነው። ጆሯቸው ቀላ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው… አልፏል» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ሆኗል። «በል፣ እንደተለመደው ወረቀቱን አዙርልንና ፈርመን እንሂድ።»

የጸሐፊው እጅ በልማዱ ወደ ቦርሳው ሄደ፤ የትናንቱን ወረቀት ነካው፤ ተመልሶ ወጣ።

«ዓርብ የተየብኩት ስብሰባ ከግማሽ ሰዓት በፊት አልቋል» አለ። «ይሄንን ገና እየጻፍኩ ነው። ስጨርስ ታነቡታላችሁ፣ ከዚያ ትፈርማላችሁ።»

ነገሩ ለሁሉም ገባቸው። ነርሷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዘጠኙም ቁጭ ብለው ጠበቁት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ለልጁ መለሰላት። ከዚያ መደበቁ አላስቻለውም።

«የኔ ልጅ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ። ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ…»

«‹አመስግነው የቀረበውን ሐሳብ ደግፈዋል›» አለች «ለምን»፣ ልክ በእሱ የስብሰባ ድምፅ። «ምሳህን ስከት ነው ያነበብኩት። እስክሪብቶህ ደረቅ መሆኑንማ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ።»

መንገዱ መሐል ቀጥ አለ። ያነበበችው እንግዲህ ቃል ከማስገባቷ በፊት ነው።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጠየቅሽኝ?» አላት። በዚያ ቤት «ለምን» ብሎ መጠየቅ ያን ቀን የእሱ ተራ ሆነ።

«ቃል እንድትገባልኝ ነዋ። ቃል ከገባህልኝ እንደማታስቀረው አውቃለሁ።» እስክሪብቶውን መልሳ ደረት ኪሱ ላይ ሰካችለት። ከዚያ የራሷን ኪስ ከፈት አድርጋ አሳየችው፤ ውስጡ ሌላ አዲስ እስክሪብቶ አለ።

«ለማንኛውም ግን ሁለት ይዤ ነበር የመጣሁት።»