ስድስት ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ

ሸሪፋ የወረወረችው የሻይ ፔርሙስ የለሚንን አፍ አገኘው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ተወርውሮ ጉሮሮዋን ሲያንቃት ለቀስተኛው ማስኩን እየጣለ ተንጋጋና ገላገላቸው። የሟች ሚስቱን፣ የጓደኛዋን የሙንተሀን ስም ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ሲያጠፋ ሰምታው ነው የወረወረችው።

"ከደረጃ ወደቀች ብዬ ገመናዋን ሸፍኜላት ነበር!" አለ ለሚን፣ ጥርሱን እየተፋ። "እዩት! የውሽማዋን ስልክ በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ! የቱ ወንድ ዝም ይላል?"

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙንተሀ ከደረጃ ወድቃ የሞተች ነበረች። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይሉት ይሄን ነው።

ግድግዳው ላይ የተጻፈው ስድስት ጊዜ ዘጠኝ፣ አንድ ጊዜ ስምንት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ዘጠኝ ነው። ኩዌት ውስጥ ስልክ ስምንት አሃዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ያማረ ቁጥር የሚይዘውም ባለጸጋ ነው። ለሚንን ያንገበገበው ይኸው ነበር።

ሸሪፋ ግን ቁጥሩን ከጥንስሱ ታውቀዋለች። ሙንተሀ ደሴ ላይ የጀመረችውን የሒሳብ ትምህርት አቋርጣ የመጣች ናት። ኮሮና ሰፈሯን አባሲያን ሲያዘጋ፣ ከዚህች ክፍል መውጫ ስታጣ፣ ቀኑን ሙሉ ይህን ቁጥር ታካፍል ጀመር። ሸሪፋ ደስማ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ማዳሟ ቤት ሰሐን እያጠበች በስልክ ትሰማታለች።

"በአንድና በራሱ ካልሆነ በምንም አይካፈልም። ብቸኛ ቁጥር ነው" አለቻት ሙንተሀ።

"ሁሉንም ሞክረሽ ልትዘልቂው? አንቺ እብድ!"

"እስከ ዐሥር ሺህ ይበቃኛል። ከዚያ በላይ ያለ ቢያካፍለው፣ ከዚያ በታች ጓደኛ ይኖረው ነበር። ስምንት አሃዝ ካላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ እሱ ነው፤ ከበላዩ ያሉትን ዐሥሩንም አካፍዬ ሰብሬያቸዋለሁ!"

የጨረሰች ዕለት በደስታ እየጮኸች ደወለች። ግድግዳው ላይ በማርከር መጻፏንም ነገረቻት። በማግሥቱ መርዶዋ መጣ።

"ቁጥሩ ላይ ደውለህ ነበር?" አለችው ሸሪፋ፣ ጉሮሮዋን እያሻሸች።

ለሚን የአፉን ደም በእጅጌው ጠረገ።

"አንዴ እንኳ ደውለህ ነበር ወይ?"

"የታወቀ ነገር ምን ይደወላል?"

ሸሪፋ ሰውን እንዲህ መጥላት መቻሏን ከዚያን ቀን በፊት አታውቅም ነበር።

ከለቀስተኞቹ በዕድሜ ታላቋ ጣይባ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። "ፖሊስ ልጠራ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላችሁ አሁኑኑ ውጡ።"

ግማሾቹ ከአሠሪ ቤት የጠፉ ናቸው፤ ቢያዙ ወደ አገር ይጠረዛሉ። ማንም አልተነሣም።

"እትዬ ጣይባ፣ ስሟስ?" ሸሪፋ እንባዋ ፈነዳ። "ለእናቷ ምን ተብሎ ሊነገር ነው? ይሄ የማንም ስልክ አይደለም፤ ስታካፍለው የከረመችው፣ በምንም የማይካፈል ቁጥር ነው!"

ጣይባ ፖሊስ ጠርታ ስትጨርስ የስልኳን ማስሊያ ከፈተችና ቁጥሩን ከግድግዳው እያየች መታችው። "በስንት ልሞክር?"

"በሰባት" አለች ሸሪፋ።

"አልተካፈለም።"

"በዐሥራ ሦስት፣" አለች ሌላዋ፣ የራሷን ስልክ አውጥታ። "አልተካፈለም።"

አንድ በአንድ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ለሚን ጥግ ላይ ሁለት ሰው ተጭኖት፣ አፉን በጨርቅ ይዞ ይሰማል። አልተካፈለም። አልተካፈለም።

ሸሪፋ ወደ ግድግዳው ሄደች። የሻሿን ጫፍ በምራቋ አራሰችና፣ ቀለሙን እንዳታስለቅቀው ቀስ እያለች፣ የለሚንን ደም ከመጨረሻው ዘጠኝ ላይ ጠረገችው።